ወረራ፣ ቆጠራ፣ ዘረፋ

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄሰው መጽሐፍ ነው፤ አለዚያም ቴአትር ወይም የሥዕል ትርኢት። እኔ ዛሬ ሁለት ጨዋታዎችን ለመሄስ ተነስቻለሁ። «ጨዋታ ደግሞ ሂስ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ደንብ፣ ገጸ ባሕርያት፣ ግጭትና መቋጫ ያለው፣ ከዚያም አልፎ ተመልካች የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ይመዘናል። እርግጥ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ እኛ ዘንድ የተረሳ፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ መሆኑ ሥራዬን ያከብደዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በእንግሊዝ አገር ያደገው የእህቴ ልጅ አያቱን ሊጠይቅ ሞጣ መጣ። ሃያ ዓመት አልሞላውም። ከሻንጣው ለአያቱ ጋቢ የሚያስንቅ ብርድ ልብስ ካወጣ በኋላ፣ በስፖንጅ የተደለደለ አንድ ሣጥን ከፈተና የአውራ ጣት ቁመት ያላቸውን የፕላስቲክ ወታደሮች አንድ በአንድ፣ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ግማሾቹ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ግማሾቹ ገና ግራጫ። ወደ እንግሊዝ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ውድድር እንዳለበት፣ ጨዋታውን ከጀመረ ገና ዓመት እንዳልሞላው፣ ጦሩን ቀብቶ መጨረስም እንዳለበት ነገረን። እናቴ እማሆይ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ወታደር መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«ጦርነት አንሶን ነው ደግሞ በገበታ የምታመጡልን?» አሉ።

ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው የሂስ ጥያቄ መስሎ ተሰማኝና አብሮኝ አደረ።

ጨዋታው ዋርሀመር ይባላል። በእንግሊዝ አገር በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ልጁ የሚጫወተውና ጦርነቱን ወደ ሩቅ መጪ ዘመን፣ ወደ ከዋክብት መካከል የሚወስደው ዓይነቱ ደግሞ በ1987 ተከተለ። የዘር ሐረጉ ግን ከዚያ ይርቃል። የፕሩሲያ መኮንኖች ጥይት ሳይተኮስ ውጊያን በካርታ ላይ እንዲለማመዱ ሌተና ራይስቪትስ የጨዋታ ደንብ ያሳተመው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ የልጆችን የመጫወቻ ወታደሮች የዐዋቂዎች ጨዋታ አደረጋቸው። ዌልስ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እንደሚሻል ተከራክሮ ነበር፤ ትልቁ ጦርነት በዓመቱ ፈነዳ። (እማሆይ ይህን ቢሰሙ «አላልኋችሁም?» ይሉ ነበር።)

ዐሥር ሌሊት ያህል ልጁን ቁጭ ብዬ ተመለከትሁት። አዲስ ተጫዋች ለውድድር ሲዘጋጅ ማየት፣ ጀማሪ ደራሲ የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲጽፍ ከማየት ብዙ አይለይም። እያንዳንዱ ጭፍራ በነጥብ የተተመነ ዋጋ አለው፤ የጦሩ ጠቅላላ ዋጋ ከ2000 ነጥብ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ይከፍትና አንድ ታንክ አውጥቶ ስድስት እግረኛ ያስገባል፤ ጧት ደግሞ እግረኞቹን አሰናብቶ ታንኩን ይመልሰዋል። ከዚያ ብሩሹን ያነሳል። በሚወዳደርበት ደንብ ከ100 ነጥብ 10ሩ ጦሩ ሙሉ በሙሉ ቀለም የተቀባ እንደሆነ ብቻ የሚሰጥ ነው። ያን ነጥብ ፍለጋ የእያንዳንዱን ወታደር ትከሻ፣ ቀበቶና የጫማ ጠርዝ በሦስት ዓይነት ቀለም ሲቀባ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ሲቀጥል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያድስ ሰው ይመስል ነበር። በእውነቱ ውብ ሥራ ነው። አንዷን ትንሽ ባንዲራ ተሸካሚ ያየ ሰው ይህን ጥበብ አይደለም ሊል አይችልም።

ሂሱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ በውድድሩ ሊገጥሙት የሚችሉትን ጦሮች ሁሉ በቃሉ ለመያዝ ይታገል ነበር፤ የማን ጠመንጃ ስንት ኢንች ይደርሳል፣ የማን ጥሩር ስንት ዳይስ ይመክታል እያለ። ሙሉ ጨዋታ የተጫወተው ግን አራት ጊዜ ብቻ ነው። የራሱ ጦር ዐሥራ አንድ ዓይነት ጭፍራ ነበረው፤ የአምስቱን ሥራ ከደብተሩ ሳያይ ሊነግረኝ አልቻለም። ይህ የእሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የጨዋታው ጠባይ ነው። ዋርሀመር ተጫዋቹ ጠረጴዛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግማሹን ጨዋታ እቤቱ እንዲጫወተው ያደርጋል። ግማሹ ዝግጅት ሸመታ፣ ግማሹ ድርሰት ነው። የሸመታው ወገን ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ያ በ1987 የወጣው ደንብ እስከ 2023 ድረስ 10 ጊዜ እየታደሰ ታትሟል፤ ደንብ በታደሰ ቁጥር አምና ኃያል የነበረው ጭፍራ ዘንድሮ ሸክም ሊሆን ይችላል። አንድ ደራሲ ልቦለዱን በጻፈ በሦስት ዓመቱ ሰዋስው ተለውጦበት እንደገና ጻፍ እንደመባል ነው።

አንድ ማታ ብሩሹን በውኃ እያጠበ፣ «ጋሼ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ጨዋታ አልነበረም?» አለኝ።

ነበር። ሰንጠረዥ። ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ ትዝ የሚለን በመስመር የተከፋፈለ የቢሮ ወረቀት ነው፤ የደመወዝ ዝርዝር ወይም የፈተና ውጤት። ቃሉ ግን የጦር ሜዳ ነው። ከዐረብኛው ሸጥረንጅ፣ ያም ከፋርስ፣ የፋርሱም ቻቱራንጋ ከተባለው የሕንድ ጨዋታ የወረደ ሲሆን፣ የሕንዱ ስም አራት ክንፍ ያለውን ሠራዊት ያመለክታል፤ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ። በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያየው ሄንሪ ሳልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ነው። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ሌላ ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ «ታዲያ አስተምረኛ» አለኝ። እዚህ ላይ አፈርሁ። እኔ አላውቀውም። ሞጣ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሽማግሌዎች ስሙን እንጂ አካሄዱን አያውቁም፤ አንዱማ «የመኳንንት ነገር ነው፤ እኛ ገበጣ ነበር የምንጫወት» ብለው ገላገሉኝ። ያለን ነገር የሪቻርድ ፓንክረስት ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና መርሆዎች» የሚለው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ የወጣው። እንግዲህ የአባቶቻችንን ጨዋታ ከእንግሊዛዊ ጽሑፍ ላይ፣ በእንግሊዝ ባደገ ልጅ አስተርጓሚነት፣ ሞጣ ተቀምጠን ተማርን። አንባቢ በዚህ ይፍረድ። ፓንክረስትን ግን ማመስገን እንጂ መውቀስ አይቻልም፤ እሱና ከእሱ በፊት የነበሩት መንገደኞች ባይጽፉት ኖሮ ዛሬ ስሙ ለደመወዝ ዝርዝር ብቻ በቀረ ነበር።

ከገበያ ቀይ ጨርቅ ገዝተን ልብስ ሰፊ ዘንድ በሰማያዊ ጥለት 64 ቤት አስከፈልነው። ነጭና ጥቁር ቤት የሚባል ልዩነት የለውም። አናጢው ከዋንዛ ቁራጭ 32 ጠጠር ቀረጸልን፤ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት ሜደቅ። ቼዝ የሚያውቅ ሰው ፈረሱን፣ ደሩንና ንጉሡን ወዲያው ይለያቸዋል። ፈርዙ ግን የቼዟ ንግሥት አይደለም፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ አማካሪ ነው። ፊሉ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከዚህ የተነሳ ያ ዝሆን የሚያህል አውሬ ዕድሜውን ሙሉ ከ64ቱ ቤት 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። ልጁ ይህን በጣቱ ቆጥሮ ሲያረጋግጥ በሣቅ ፈረሰ። «ይኼን በ2000 ነጥብ ማንም አይገዛውም!»

እስካሁን ያልሁት ሁሉ በሌላው ዓለም የድሮ ሸጥረንጅም ውስጥ አለ። የኛው ሰንጠረዥ የሚለየው በአከፋፈቱ ነው፤ ስሙም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ሰድደው፣ እንደ ፍላጎታቸው፣ እንደ ፍጥነታቸው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚጀመረው። ይህን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚመስለው ግርግር ነው፤ እኛም የመጀመሪያውን ቀን የተጫወትነው እንደ ግርግር ነው፤ የልጁ እጅ ከእጄ እየተጋጨ ሁለት ጊዜ ገበታውን ገለበጥነው። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ገባን። ወረራ የፍጥነት ውድድር አይደለም። ጽሑፉ ላይ እንደተመለከተው ተጫዋቹ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ጠጠር መልሶ ሊያነሳ፣ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። እኔ ፈረሴን ሳወጣ ልጁ ፊሉን ይመልሳል፤ እሱ ሜደቁን ሲመልስ እኔ ደሬን እሰውራለሁ። እጅ ሳይሆን ዓይን ነው የሚሠራው። በዋርሀመር በደብተር ላይ ብቻውን ሲያወጣና ሲያስገባ ያመሸው ዝግጅት፣ እዚህ በጠላት ፊት፣ በተመልካች ፊት ይደረጋል።

አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን የኔታ በዚህ መካከል ደረሱ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ወንበር ስቦላቸው ልጁ ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም ብለው አንድ ወረራ ሙሉ ተመለከቱ። ከዚያ በጠረጴዛው ወዲያ ጥግ የተደረደሩትን ፕላስቲኮች አይተው «ያኛውስ?» አሉ። ልጁ አስረዳቸው፤ ጦሩን እቤቱ ቀምሮ፣ ቆጥሮ፣ ቀብቶ እንደሚሄድ።

«ያኛው ቆጠራ ነዋ» አሉ የኔታ። «ይኼኛው ዘረፋ።»

ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ጨዋታ ሂስ በሌላ ቃል ማሰብ አልቻልሁም። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ጎንጅና ዋሸራ ባሉበት አገር የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ከሰው ተለይቶ፣ ጫካ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጥግ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። ቀጥሎ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ዘረፋ የሚባለው ከሁሉም በኋላ ነው፤ በጉባኤ መካከል ቆሞ፣ እዚያው እየፈጠሩ፣ ሊቅ እየሰማ። ቃሉም ያው የጦር ቃል ነው፤ ወረራ ሲል የሰንጠረዡ፣ ዘረፋ ሲል የቅኔው። ያለ ቆጠራ ዘረፋ ውርደት ነው። ቆጠራ ብቻውን ደግሞ ጫካ ውስጥ የቀረ ቅኔ ነው።

የኔታ ለልጁ የሰጡት ምክር ስለ ጨዋታ ምንም ከማያውቅ ሰው የተሰጠ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ምክር ለአዲስ ተወዳዳሪ ሲሰጥ አልሰማሁም። «ጀማሪ ከመወድስ አይነሳም። ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ሳይጠነቅቅ ስምንት ቤት የሚቆጥር ተማሪ አይቻለሁ፤ የራሱ ቅኔ ነው የሚጠፋበት። ስንት ዓይነት ወታደር አለህ?»

«ዐሥራ አንድ፣ የኔታ።»

«ስማቸውን ሳታይ ጥራቸው።»

ስድስት ላይ ቆመ። የኔታ ፈገግ ብለው ተነሱ። በዚያ ማታ ልጁ ደብተሩን ከፍቶ ዐሥራ አንዱን ዓይነት ወደ አምስት አወረደ፤ የነጥቡ ድምር ያው 2000 ነው፣ ግን በተመሳሳይ ጭፍሮች የተሞላ። የቀረውን ሌሊት ስለ ሌሎች ጦሮች ማንበቡን ትቶ፣ የራሱን አምስት ጭፍሮች በማገዶ ፍልጥና በሽሮ ጣሳ በተሠራ ሜዳ ላይ በሜትር እየለካ ያንቀሳቅሳቸው ጀመር። እኔ ጠላት ሆንሁ። ዳይስ ስጥል እጄ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አልደብቅም፤ የሰው ልጅ ለትንሽ ጦርነትም ልቡ ይመታል።

ሰንጠረዥን ካመሰገንሁ አይቀር የመጨረሻውንም ላንሳ። ስለ ጨዋታው የጻፉት ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማጥመድ የማንም ሥራ ነው። በፈርዝ ወይም በፊል ማጥመድ ያስመሰግናል፤ ሜደቆችን ጨምሮ በደካሞቹ መጨረስ ደግሞ የሊቅ ሥራ ነው። ያ በ8 ቤት የታሰረ ምስኪን ፊል ክብር የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ፤ ጦሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ደግሞ አሸናፊው ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መጨረስ አለበት፤ አለዚያ ድሉ ያመልጠዋል። እዚህ ጎጃም ውስጥ ይህን ደንብ ስናነብ እምባቦ ትዝ ማለቱ አይቀርም። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ሲማረኩ ምኒልክ ቁስላቸውን አስታመሙ እንጂ አልገደሏቸውም። ገበታው ከሜዳው ተማረ ወይስ ሜዳው ከገበታው፣ እኔ አልፈርድም። ሜዳው ሁልጊዜ እንዲህ መሐሪ እንዳልነበር ግን ማናችንም እናውቃለን።

ይሁን እንጂ የሃያሲ ሥራ ማወደስ ብቻ አይደለም። ይህ በሜደቅ የመግደል ክብር ለማን ነበር? ለመኳንንቱ። ሳልትና ሌሎቹ መንገደኞች እንደጻፉት በሰንጠረዡ ዙሪያ ጫጫታ ነበር፤ ተመልካቹ ሁሉ፣ አሽከሩም ጭምር፣ ምክር ይወረውራል። አሽከሩ ይናገር እንጂ ገበታው ፊት ተቀምጦ ስለመጫወቱ ብዙ የተጻፈ የለም። ሜደቁ በጨርቁ ላይ የሚከበረውን ያህል ባላገሩ በቤቱ ውስጥ አልተከበረም። ለዚህ ይመስለኛል የመኳንንቱ ዘመን ሲያልፍ ጨዋታውም አብሮ የከሰመው። ከቀይ ጨርቅና ከተቀረጸ ቀንድ ውጪ መኖር አልለመደም። ገበጣን ተመልከቱ፤ አፈር ላይ ጉድጓድ ተምሶ፣ በጠጠር ወይም በአተር፣ እረኛውም ሽማግሌውም ሲጫወቱት ዛሬ ድረስ አለ። ዋርሀመርም ቢሆን የዚህ በሽታ ተሸካሚ ነው፤ ሣጥኑን መግዛት የማይችል ልጅ ገበታው ዘንድ አይደርስም። የእህቴ ልጅ ጦሩን ለመግዛት አንድ ክረምት ሙሉ ምግብ ቤት ሰሐን እንዳጠበ ሲነግረኝ፣ የሞጣን ልጆች በዓይነ ኅሊናዬ ሰልፍ አስያዝኋቸውና አንዱም አልደረሰበትም። የዋንዛው ጠጠር ግን አናጢው የጠየቀን የአንድ ቀን የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው። ጨርቁን አጣጥፈን ካስቀመጥን በኋላ የሠፈር ልጆች እየመጡ «ወረራ እንጫወት» ማለት ጀምረዋል፤ ከደንቡ ሁሉ በአንድ ቀን የገባቸው ተራ የሌለው ክፍል ነው። አንድ ፊል ጠፍቶብን በበቆሎ ፍሬ ተክተነዋል።

ልጁ ከውድድሩ ማግስት ደወለ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን እማሆይም አጠገቤ ነበሩ። አምስት ጨዋታ ተጫውቶ አራቱን ተሸንፏል። ሐዘን ግን ድምፁ ውስጥ አልነበረም፤ ጭፍሮቹን አንድም ጊዜ ከደብተር አለማየቱን፣ ባላጋራዎቹ ለአዲስ ተጫዋች ትዕግሥተኞች መሆናቸውን፣ ባንዲራ ተሸካሚዋን አንድ ሰው ፎቶ እንዳነሳት በአንድ ትንፋሽ ነገረን። ከዚያ ስላሸነፈበት ስለ መጨረሻው ጨዋታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለ።

«የሱ ጦር አልቆ ነበር፣ ጋሼ። አለቃቸው ብቻውን ከፍርስራሽ ኋላ ቀርቷል። የሰንጠረዡ ንጉሥ ትዝ አለኝ። ልተወው አስቤ ነበር።»

«እሺ?»

«ገደልሁት። ነጥብ ነበረው።»

እማሆይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ማንን ነው የገደለው?» ብለው ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ፤ ልጁም እኔም ተቀባብለን እስክናስረዳቸው የስልኩ ሒሳብ አለቀ።